ለፍልዳር ማን ይናገርላት?

በአንድ ወቅት፣ ፍል ውሃዋን ብሎ እንግዳ ከየአገሩ በሚጎርፍባት ፍልዳር በምትባል ከተማ ምድር ተንቀጠቀጠች። ጠዋት ነበር። ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ ፍል ውሃው ደፈረሰ፣ ከመሬት በታች የሚያጉረመርም ድምፅም አልቆመም። ሰው የሚረገጥ መሬት አጣ። የሚያስፈራው ያለፈው አልነበረም፤ ይመለስ ይሆን የሚለው ነበር። ከቀትር በኋላ ተመለሰም። እኔ የምነግራችሁ በመሀል የሆነውን ነው።

የከተማዋ ቱሪዝም ቢሮ ሦስት ሰዎች ነበሩት፦ ኃላፊው አቶ ደርብ፣ ምክትላቸው ፈትለወርቅና አስጎብኚዎችን የሚያሰማራው አያልቅበት። ያን ቀን ነዋሪውም እንግዳውም የሚሰማው እነሱን ነበር። አንድ ቃል መናገር ሲገባቸው ሦስት ተናገሩ።

አቶ ደርብ ሕዝቡ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ድልድይ ሲተም አዩ። ድልድዩ መሰንጠቁን ያውቃሉ፤ ያን ቢናገሩ ደግሞ ሰው እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ድምፅ ማጉያ አነሱና «አልፏል። ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ማለፉን አያውቁም ነበር። ድምፃቸው ግን አላወላወለም። ሕዝቡ ተመለሰ፤ በኋላ ድልድዩ ወንዝ ሲገባ ማንም አልነበረበትም። ቃላቸውን አምኖ ሱቁን የከፈተው ፀጉር አስተካካይ ግን ጣሪያው ወደቀበት።

ፈትለወርቅ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ አይወጣም። ሬዲዮ ጣቢያ ደውላ «ይመለስ እንደሆነ አናውቅም። ወደ ፍልዳር አትምጡ» አለች። ለሰሞኑ በዓል እንግዶች ይዘው የተነሱ አውቶቡሶች ከመንገድ ዞሩ፤ ሊያርፉበት የነበረው ሆቴል መንቀጥቀጡ ሲመለስ ተደርምሷል። ይህን የሰማ የመድኃኒት መኪና ሾፌርም ግን መሪውን አዞረ። የከተማዋ ቁስለኛ ያለ ማደንዘዣ ተሰፋ፤ ጩኸቱን የሰማ እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠዋል።

አያልቅበት ሰው ወደ ቤቱ መግባቱን አይቶ ፈራ። ውጡ ቢል ማን ይሰማዋል? አለቃው ግቡ ብለዋል። ሮጦ የእድሩን ጡሩምባ አመጣ። ጡሩምባ የሚነፋው ለመርዶ ነው፤ ያን ሰምቶ ቤቱ የሚቀር የለም። እየነፋ ወደ ሜዳው ሲሄድ ሰዉ «ማን ሞተ?» እያለ ተከተለው። ወዲያው ምድር ተንቀጠቀጠች። ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ በቀር የፈረሱት ቤቶች ሁሉ ባዶ ነበሩ። እማማ አስካለ ግን ልጃቸው መክብብ እንግዶች ይዞ ዋሻ ሄዶባቸው ነበርና መርዶው የእሱ መሰላቸው። «ልጄን» ብለው ከደጃፋቸው ወደቁ፤ አልተነሱም። መክብብ እንግዶቹን አንድ ሳያጎድል በሰላም ተመለሰ።

አሁን ትፈርዱ ይሆናል። ቆዩ፣ አትቸኩሉ።

በማግስቱ ለእማማ አስካለ ቀብር ጡሩምባ ተነፋ። ከተማው ሲሰማ መንቀጥቀጡ የመጣ መሰለውና ወደ ሜዳ ሸሸ። ስንቱን ሲያስተዛዝኑ የኖሩ ሴት ቀባሪ አጡ። ቃሬዛውን የያዙት መክብብና እነዚያ ሦስቱ የቢሮ ሰዎች ነበሩ፤ አራት ሆነው ተሸከሙ። በመንገድ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

መቃብሩ አፈር ሲለብስ ሽማግሌዎች አፍረው ደረሱ። ለሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ከሦስቱ አንዱ ብቻ የከተማዋ አፍ ይሁን አሉ፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና። ማንነቱን እንዲመርጥም ለመክብብ ተዉለት። ሀዘኑ የእሱ ነው፣ እንግዶቹም የእሱ ነበሩ።

መክብብ መዳፉን ከእናቱ መቃብር ላይ አላነሳም።

«ከስር ያጉረመርማል» አለ። «ፍርሃቴ ማሰቢያ ነሳኝ። እናንተ ንገሩኝ።»

እንግዲህ ንገሩት፤ ምድሪቱ እስክታስቡ አትጠብቅም። ሳያውቁ ያረጋጉት አቶ ደርብ፣ አላውቅም ብላ ያስፈራችው ፈትለወርቅ፣ ወይስ ያልሞተ ሰው መርዶ የነፋው አያልቅበት፦ የፍልዳር አፍ መሆን ለማን ይገባል?