ደጋ ላይ የተቃኘው ፔዳል

አንድ ሰው ነበረ፤ የጊታር ፔዳል ይሠራል።

ኤልዱ፣ እንደዚህ አትዪኝ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ቤት ውስጥ አፌ አይዘጋም፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ አፌ አይከፈትም፤ የቱ ነው ውሸቱ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ሰውየው ጋ ነው። ዝም ብለሽ ስሚ። ዝም ማለቱንማ ታውቂበታለሽ አሉ።

ሰውየው የሚኖረው ደጋ ነው፤ ጠዋት ሰው ሲያወራ ከአፉ ጭስ የሚወጣበት ከተማ። የሚሠራው ፔዳል ፈዝ የሚባለውን ነው። ጊታሩና ስፒከሩ መሀል የሚገባ፣ በእግር የሚረገጥ የብረት ሳጥን ነው። ሲረገጥ የጊታሩ ድምፅ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ እንደ ጎረምሳ ይጎረንናል። ሰውየው የድሮውን ድምፅ ስለሚፈልግ አዲስ ዕቃ አይነካም። የሞቱ ሬድዮኖች ከየሰፈሩ ይለቅምና ትራንዚስተራቸውን፣ ድምፅ የምታጎላዋን ትንሽ ዕቃ፣ ይነቅላል። አንድ በአንድ እየሰካ ያዳምጣል፣ አብዛኛውን ይጥላል፣ የወደዳትን ይበይዳታል። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን አንዲት ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ወዲህ ወዲያ እያለ ድምፁን ይቃኛል። ድምፁ ሲሞላ ክዳኑን ይዘጋል። በቃ፣ ተዘጋ። «እኔ የዘጋሁትን ሌላ እጅ አይከፍተውም» ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ የገዙት ሁሉ እዚያው የደጋ ልጆች ናቸው፤ አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም።

ከአማቱ በስተቀር። አማቱ አብረውት ነው የሚኖሩት፣ ያንን ድምፅ ደግሞ አይወዱትም። «ልጄን ለካ ለወፍጮ ቤት ነው የዳርኳት» ይላሉ።

አንድ ቀን ከቆላ አንድ ጊታሪስት መጣ። የሠርግ ባንድ ውስጥ ነው የሚጫወተው። ሳጥኑን ረገጠ፣ ክሩን መታ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ይዞ ወረደ።

በሳምንቱ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«ምንድነው የሰጠኸኝ? ሙሽሮቹ ሲገቡ ብረግጠው ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ወጣ! ዝዝ ብሎ ቁርጥ፣ ዝዝ ብሎ ቁርጥ። የሙሽራዋ አጎት ‹ሚስማር ረገጥክ እንዴ?› አለኝ!»

ሰውየው ሳጥኑን ሰክቶ መታው። ድምፁ ሙልት አለ።

«ይኸው። ምን ሆነ?»

ጊታሪስቱ ራሱ መታ። ሙልት። አፍሮ ይዞት ወረደ። ቆላ ሲደርስ ዝንብ። ይዞት ወጣ። ደጋ ሲደርስ ሙልት።

አሁን ነገሩ ከረረ። ሰውየው «እጁ አልችል ሲለው በኔ ያላክካል» ብሎ አመነ። ጊታሪስቱ «ዞር ስል ሳጥኑን ይቀይርብኛል» ብሎ አመነ።

«ስማ» አለ ጊታሪስቱ፤ «እሁድ ሠርግ አለን። የባንዱ መሪ ‹አንዴ ደግሞ ብታሳፍረን ባንተ ቦታ ኪቦርድ ነው የማስገባው› ብሎኛል። እኔ ከተባረርኩ፣ አንተን ቆላ ውስጥ አጭበርባሪ ነው ያላልኩበት ቤት አይኖርም።»

«በል! እኔም መጫወት ያቃተው ዕቃ ይሳደባል እላለሁ።»

ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በየተራ እየመቱ ይሰዳደባሉ። ሙልት፣ ስድብ። ሙልት፣ ስድብ። አማትየው ታገሱ፣ ታገሱና የፈላውን ማንቆርቆሪያ ከምድጃው አንስተው መጡ። ማስቀመጫ እንደጠፋው ሰው ዞር ዞር አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሳጥኑ ላይ።

«እማማ! እሱ ላይ?»

«ቦታ የት አለና ልጄ? ቤቱን ሁሉ ሽቦ አደረግኸው።»

አማትን ደግሞ «ያንሱ» ማለት ከባድ ነው። ተወው። መምታቱን ቀጠሉ።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ቀጠነ። ትንሽ ቆይቶ ተሰነጣጠቀ። ከዚያ ዝዝ ብሎ ቁርጥ።

«ተመስገን!» አሉ አማትየው።

«ይኸው! ይኸው ዝንቡ!» ጊታሪስቱ አማትየውን ሊስማቸው ምንም አልቀረው።

ሰውየው ማንቆርቆሪያውን አነሳ። ሳጥኑን ደጅ አውጥቶ ንፋስ ላይ ያዘው። መልሶ ሲሰካው ሙልት አለ። አሁን ገባው። እነዚያ አሮጌ ትራንዚስተሮች ሙቀት ሲያገኛቸው ጠባያቸው ይለወጣል፤ እሱ ደግሞ ሁሌም የሚቃኛቸው ብርድ ቤት ውስጥ ጋቢ ለብሶ ነው። የዋሸ ሰው የለም። አንዱ ደጋ ላይ የሰማውን ተናገረ፣ አንዱ ቆላ ላይ የሰማውን።

ክዳኑን ፈታ። ካቻቢቴውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። እዚህ ቢያዞራት ምን ሊረባ? ብሎ መሰርሰሪያውን አመጣ። የሳጥኑ ጎን ላይ፣ ልክ ብሎኗ ፊት ለፊት፣ ቀዳዳ በሳ። ክዳኑን ዘጋና ሳጥኑንም ካቻቢቴውንም ለጊታሪስቱ ሰጠው።

«እዚያ ስትደርስ ራስህ እየሰማህ አዙራት። መጀመሪያ ዝንብ ይሆናል፤ አትደንግጥ። ትንሽ ብቻ አዙር።»

«እኔ? ሌላ እጅ አይነካውም አላልክም?»

«ታዲያ እኔ እሁድ እዚያ አለሁ?»

እሁድ ድንኳኑ እንደ ዳቦ ቤት ግሏል። ጊታሪስቱ ረገጠ። ዝንብ። የባንዱ መሪ ዞር ብሎ አየው። ሚዜዎቹ ሳቁ። ጎንበስ አለ፣ ካቻቢቴውን በቀዳዳው ከተተ፣ ትንሽ አዞረ። ዝንቡ ወፈረ። እየተሳቀበት ትንሽ ደግሞ አዞረ። ሙልት! የሳቁት ሚዜዎች ኮታቸውን ወርውረው ጭፈራ ገቡ።

ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ የሌለው ሳጥን ሠርቶ አያውቅም። አማቱ ግን አሁንም ማንቆርቆሪያቸውን እዚያው ነው የሚያስቀምጡት።

እና ኤልዱ፣ ሳጥኑ አንቺ ነሽ። መምህርሽ «ልጅዎ አትናገርም» አሉ፤ አክስቴ እናትሽ ደግሞ «የኔ ልጅ? አፏን የሚያዘጋት ጠፍቶ!» አለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ እያንዳንዳቸው የሰሙሽ በየአገራቸው ነው። ቤት ስትለፈልፊ እያስመሰልሽ አይደለም፣ እዚያ ስትደርቂም አልተበላሸሽም። የተቃኘሽው እዚህ ነው፤ ያ ደግሞ ቆላ ነው። እዚህ እኔ ፊት ብትለማመጂ የሚያምረው ለኔ ብቻ ነው። ሰኞ ቆመሽ ካላነበብሽ ወደ ታችኛው ክፍል እንመልስሻለን ብለውሽ የለ? ትቆሚያለሽ። የመጀመሪያዋ ቃል ዝንብ ትሆናለች። ትሁን። ይሳቁ። አትቀመጪ፤ ትንሽ አዙሪና ሁለተኛዋን በዪ። ብሎኗ ያለችው አንቺ ጎን ነው፣ እናትሽም መምህርሽም አይደርሱባትም።

ምን ያስቅሻል? ኤልዱ፣ ምንድነው?

ይሄ ትኩስ ሻይ ስልኬ ላይ ምን ይሠራል? መቼ አስቀመጥሽው? «ቦታ የት አለና» ትለኛለች ደግሞ! አንሺ! አንሺ እያልኩሽ!

በይ ኤልዱ፣ ሰኞ ይቺን ቀልደኛ ልጅ ይዘሻት ሂጂ።