የግዥ ኃላፊው አልጋ

ምላሱ ከመጋዙ የሰላ አንድ አናጢ ነበር አሉ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግዥውን ሁሉ በኮምፒዩተር ማድረግ በጀመረበት ዓመት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ ሲስተሙ የጠየቀውን አንድ በአንድ ሞላና የሰባ ወንበሮች ጨረታ አሸነፈ። ወንበሮቹን ሠርቶ ጨርሶም በጋሪ አስጭኖ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ደረሰ።

የግዥ ኃላፊው አቶ ደርበው ግን ቢሯቸው አስጠሩትና በሩን ከውስጥ ዘጉ።

"ስማ፤ ጨረታውን በሲስተሙ ብታሸንፍም ርክክቡን የማጸድቀው እኔ ነኝ። ለቤቴ አንድ ሰፊ የዋንዛ አልጋ ሠርተህ እስክታመጣ ድረስ ወንበርህ ደጅ ዝናብ ሲመታው ይከርማል" አሉት።

አናጢው በመስኮት ቢያይ ሰማዩ ጠቁሯል። የሁለት ወር ድካሙ ሜዳ ላይ ተደርድሮ ታየው። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

"በደስታ ጌታዬ! ብቻ ይህ ሲስተም የማስረከቢያ ቦታ ካልተጻፈለት ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። የአቶ ደርበው መኝታ ቤት ብዬ ልሙላው?"

"ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል!"

"እሱስ ይሞላል ጌታዬ። የቸገረኝ ሌላ ነው። አምስቱ የዕቃ ተረካቢ ኮሚቴ አባላት ዕቃውን ሞክረው ካልፈረሙ ርክክብ የለም ይላል። እንግዲህ አልጋውን ሊሞክሩ ሲመጡ፣ ባለቤትዎ እመቤቴ ይነሡላቸዋል ወይስ ጠጋ ይሉላቸዋል?"

አቶ ደርበው ወዲያው ርክክቡን አጸደቁና በሩን ራሳቸው ከፈቱለት።