ልጅ ያልታቀፈች አራስ

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። የመንደሩ ምንጭ ደረቀ። ውሃ የሚገኘው ከወንዙ ብቻ ሆነ፤ ደርሶ መልሱ አራት ሰዓት ነው። ከብት አለቀ። ሴቶች ግን ይወልዱ ነበር።

አንዲት ሴት ነበረች። በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎረቤቷ ታንጉት ወለደችና ደም ፈስሷት አልጋ ላይ ቀረች። ታንጉት ዘመድ የላትም። የሁለቱም ባሎች የተረፈውን ከብት ይዘው ሣር ፍለጋ ቆላ ወርደዋል። ያቺ አራስ መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች። አንድ ቀን ለራሷ፣ አንድ ቀን ለታንጉት እያለች አርባ ቀን ውሃ ተሸከመች።

ማህፀኗ ወረደ። ለማን ትንገር? አሥራ አንድ ዓመት ደበቀችው። ስትቆም ይጎትታታል፤ ሽንቷ ያመልጣታል። ስለዚህ ከሰው ራቀች። ሰውስ ምን አለ? ኮራች አለ።

በመጨረሻ የጤና ጣቢያው ነርስ ደረሰችበት። ሆስፒታል ተላከች፤ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ ሲያሰናብታት የሕመም ማስታገሻውን በሰዓቱ እንድትውጥ፣ ሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳታነሣ አዘዛት። ካነሣሽ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል አላት።

ቤት ስትገባ ባዶ ጀሪካን ጠበቃት። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። ግን፣

«ምን ወልደሽ ነው የምትተኚው?» አላት።

 ኪኒኑን አልዋጠችም። ካላመመኝ በምን አመካኝቼ እተኛለሁ ብላ ነው። እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን ጀሪካኑን አንሥታ ወጣች።

ታንጉት ደጃፉ ላይ አገኘቻት። መልኳን አይታ ጠየቀቻት፤ ሁሉንም ሰማች። ከመቼ ጀምሮ ነው አለቻት። ከድርቁ ዓመት አለች። ታንጉት ያን ዓመት ማን ውሃ እንደቀዳላት ታውቃለች። ከዚያ ጀሪካኑን ከእጇ ወሰደች።

«ግቢና ተኚ። አራስ ነሽ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ልጁ የታለ?»

«እኔን አይደለም እንዴ ያተረፍሽው? ኪኒንሽን ዋጪ።»

ወገኖቼ፣ ልጅ ያቀፈችውን ገንፎ ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ። መልካም ነው። ከሐኪም ቤት ባዶ እጇን የተመለሰችውንስ? ጽንስ የወረደባትን፣ ማህፀኗ የወጣላትን ማን ጠየቃት? ቻይው፣ ሴት ልጅ ናት የምትችለው ትሏታላችሁ። መቻል ጽድቅ ነው ትላላችሁ። በማን ሕመም ነው የምትጸድቁት?

ተዉ። ሕመሟን አትመርቁላት። መድኃኒቷን ትዋጥ፤ ሸክሙን እናንተ አንሡ። ማን ስለ እናንተ እንደተጎዳ አታውቁም። ታንጉትም አታውቅም ነበር።

ታንጉት ሦስት ወር ውሃ ቀዳች። ባልየውም በሁለተኛው ሳምንት አፍሮ አህያ እየጫነ አብሯት ይቀዳ ጀመር። ሦስቱ ወር ሲሞላ ሐኪሙ አያት፤ ድነሻል አላት። በዚያን ቀን ታንጉት የመጨረሻውን ውሃ አወረደችና በሩ ላይ ቆመች።

«የአሥራ አንድ ዓመት ብድርሽን መለስኩ» አለች።

ሴትዮዋ ግን እንደ ብድር ቆጥራው አታውቅም ነበር።