ሸህ ቡሽራ አፉታ ፍለጋ የሄዱበት ቤት

ባንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከመስጂዱ ጀርባ፣ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። በስተርጅና ሐጅ ሊወጡ ተነሱ። ባገሩ ደንብ ሐጅ የሚወጣ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ አፉታ፣ ይቅርታ ማለት ነው፣ ይጠይቃል፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባ ዘንድ አይቀረብማ። ሸሁም ዞሩ። ነጋዴው "አፉ ብያለሁ" አለ፣ ጎረቤቱም አለ፣ ሁሉም "በዱዓዎ አይርሱን" እያለ ሸኛቸው። የቀረው የይማም ቤት ብቻ ነበር። ወደዚያ መሄድ ሲያስቡ እግራቸው ይከብዳቸዋል።

ነገሩ የቆየ ነው። ሸሁ ከሩቅ አገር ኪታብ ቀርተው፣ ዲን ተምረው፣ ጢማቸው ገና ሳይሞላ የተመለሱ ጊዜ፣ ሕዝቡ ለመውሊድ ተሰብስቦ ይማም ድቤ እየመታ መንዙማ ያዜማል። ድምፁ ሰው ያስለቅስ ነበር አሉ። ቡሽራ ሰዉን እየገፉ መሐል ገቡና "ይሄ ቢድዓ ነው፣ በዲን የሌለ ፈጠራ!" ብለው ድቤውን በቢላዋ ቀደዱት። ይማምንም በልጆቹ ፊት "ጃሂል፣ ዲን የማታውቅ" አሉት። ዲን ያዳኑ መስሏቸው ደረታቸውን ነፍተው ነው ወደ ቤታቸው የገቡት።

ዕድሜ ሲገፋ ያ ክርክር ከልባቸው ወረደ። የቀረው የይማም ፊት ነው።

ደጁ ላይ የይማም ሚስት ዘሀራ ተቀበለቻቸው።

"ይግቡ ሸሄ። ቢላዋ ይዘው ከሆነ ግን ያውሱኝ፣ የኔው ጎመን መክተፊያ ደንዝዟል።"

"ተይ እንጂ አንቺ!" አለ ይማም ከመደቡ ላይ። ሳቁን ግን አልደበቀም።

ሸሁ ከመደቡ በታች መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ይማም፣ በድዬሃለሁ። አፉ በለኝ።"

"እኔን ያሉኝን አፉ ብያለሁ። ድቤም ቢሆን ቆዳ ነው፣ ሌላ ይወጠራል። መንዙማው ነው እንጂ፣ ሸሄ። አባቴ ካባቱ የያዘውን በቃል ያስያዘኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አፌን አልከፈትኩም። ልጆቼ 'አስይዘን' ሲሉኝ፣ 'አባታችሁ ጃሂል ነው፣ ሸሁን ጠይቁ' አልኳቸው። እልህ ነው። በኋላ ልቤ ሲመለስ ከአፌ ጠፋ። ለሱ አፉ የምል እኔ አይደለሁም።"

"እስኪ ያለህን በልልኝ።"

ይማም ዐይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ድምፁ ሻክሯል፤ እንዲያም ሆኖ የሸሁ ጢም በእንባ ራሰ። ጥቂት እንደሄደ ቆመ። ከመጀመሪያው አነሳው፤ እዚያው ሲደርስ ደግሞ ጠፋው።

"እርስዎ ነበሩ አይደል ያን ለት?" አለች ዘሀራ፣ አሁን ሳትቀልድ። "ቀጥሎ ያለውን ይንገሩት እንጂ።"

ሸሁ ቀጥሎ ያለውን አያውቁትም። ያን ለት ቆመው የጠበቁት ስህተቱን ነበር፤ ቃሉን አልሰሙትም።

ሐጅ ሲወጡ አንዱ ሸኚ "ይማም አፉ አለዎ?" ቢላቸው፣ "አዎ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ኪታብ ቀርቼ ነበር የመጣሁት፤ ሰው ግን ገና አልቀራሁም ነበር" አሉ።

ወንድሞቼ፣ የድቤውን ነገር ዓሊሞች ይናገሩበት፤ የኔ ቦታ አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እኛ ወጣቶች ነገር ባወቅን ማግስት እጃችን ይቀድማል፣ የያዝነውም ሐሳብ እስክንሞት የማይለወጥ ይመስለናል። ይለወጣል። አላህ ዕድሜ ከሰጠን እንለሰልሳለን፣ ተውበትም እናደርጋለን፣ እሱ ረሕማን ነው። ግን ዝም ያሰኘነው ሰው እኛ እስክንበስል ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም፤ እሱም ያረጃል። ያ ረቢ፣ ልባችን ሳይረጋ ምላሳችንን አታፍጥንብን።