ሁዳዴን የጾመው ቡችላ

አንድ ቀን፣ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ጣና ዳር የሚኖሩት ባላምባራስ ድልነሳው አንድ የምሥራች ሰሙ። አዲሱን መንገድ የሚቀይሰው ፈረንጅ መሐንዲስ ከፋሲካ በኋላ እሳቸው ቤት ምሳ ሊበላ ነው። መንገዱ በደጃቸው እንዲያልፍላቸው ይመኙ ነበርና ደስ አላቸው። ወዲያው ግን ለእንግዳው በግ ማረድ እንዳለባቸው ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ጠቆረ። በግ ማረድ ቀርቶ የሰው በግ ሲታረድ እንኳ ሲያዩ የሚያማቸው ሰው ናቸው።

ታዲያ አንድ ከከተማ የመጣ ነጋዴ ጭንቀታቸውን ሰምቶ፣

«ባላምባራስ፣ ፈረንጅ እኮ ዳክዬ ይበላል» አላቸው።

«ምን? ይቺን ሐይቁ ላይ የምትንሳፈፈውን?»

«እሷኑ! እንዲያውም ራሱ ተኩሶ ይጥላታል፣ ውሻ ዋኝቶ ያመጣለታል። ከበግ አብልጦ ነው የሚወዳት።»

ባላምባራስ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። እኛ የማንበላት፣ ማንም የማይቀልባት፣ በነፃ የምትንሳፈፍ ምሳ! ወዲያው ጭሰኛቸውን ቢያድግልኝን አስጠሩና አንድ ዳማ ቡችላ አስታቀፉት።

«ይህ ቡችላ እንግዳው እስኪመጣ ድረስ፣ ዳክዬ ከውሃ አውጥቶ እጄ ላይ ማስረከብ መልመድ አለበት። ያን ቀን ቢያሳፍረኝ ግን ጎጆህን አፍርሰህ ከመሬቴ ትወጣለህ። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

ቢያድግልኝ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ከዚያች ጎጆ ሌላ መጠጊያ የለውም። እሱ ጭሰኛ ይሁን እንጂ አፉ ግን የማንም ጭሰኛ አልነበረም።

አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የዳክዬ ላባ ሰካክቶበት፣ ወደ ሐይቁ እየወረወረ ቡችላውን ያስተምር ጀመር። ውሃ ሊቀዱ የሚመጡ ሴቶች «ውሻ የነከሰውን ለእንግዳ ልታበሉት ነው? ኧረ በስመ አብ!» እያሉ ያልፋሉ። ቡችላው ግን ጎበዝ ነበር፤ ጨርቁን ነክሶ ያመጣና እጁ ላይ ያስቀምጥለታል። ችግሩ ሆዱ ከጀርባው መጣበቁ ነው። ስለዚህ ቢያድግልኝ ወደ ባላምባራስ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ቡችላው ገና ልጅ ነው፤ ትንሽ ወተት ቢያገኝ...»

«በሁዳዴ?» ባላምባራስ አማተቡ። «በእኔ ግቢ ያለ ነፍስ ሁሉ ይጾማል! ውሻዬ ወተት ሲልስ የነፍስ አባቴ ቢያዩ ምን ይሉኛል?»

ወተቱ ተናጠ፣ ቅቤ ሆነ፣ ገበያ ወጣ። መቼም ባላምባራስ በሰው ሆድ ሲጾሙ የሚያህላቸው የለም።

ቡችላውም ደረቅ እንጀራ እየቆረጠመ፣ ጨርቅ ከውሃ እያወጣ ሁዳዴን ጨረሰ። ፋሲካ ሲደርስ ባላምባራስ አማቶቻቸው ዘንድ ሄደው ሲፈስኩ ዋሉና ጢማቸው ቅቤ በቅቤ ሆኖ ተመለሱ። የራሳቸው በግ እንደ ታሰረ ነው። ቢያድግልኝ እንደገና ደጅ ጠና።

«እንኳን አደረሰዎ ጌታዬ። ለቡችላው አንድ አጥንት እንኳ...»

«ውሻ ደግሞ ምን ፋሲካ አለው?» ብለው ሳቁበት። «ክርስትና ተነሥቷል እንዴ?»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። መሐንዲሱ ጠመንጃውን አንግቶ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። አገሬውም ይህን ጉድ ሳላይማ አልቀርም ብሎ ሐይቁ ዳር ተኮለኮለ። እንጀራው ተጋግሯል፣ ድስቱ ተጥዷል፤ ወጥ የሚሆነው ግን ገና ሐይቁ ላይ ይዋኛል።

ፈረንጁ ተኮሰ። አንዲት የሰባች ዳክዬ ከደንገሉ አጠገብ ወደቀች። ቢያድግልኝ «ዳማ! ሂድ!» ሲለው ቡችላው ውሃውን ሰንጥቆ ሄደ፤ ዳክዬዋን አንገቷን ነክሶ ያዘና ፊቱን ወደ ዳር መለሰ። ባላምባራስ በኩራት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ቡችላው ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ አፉ ውስጥ ያለው ነገር ጨርቅ አለመሆኑ ገባው። ታጠፈና መካከል ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ወጣ፤ ከዚያ ጀርባውን ለባላምባራስ ሰጥቶ ላባውን ይነጭ ጀመር።

አገሬው በነጠላው አፉን ሸፈነ። ባላምባራስ ጮኹ፣ ተሳደቡ፣ ድንጋይ ወረወሩ፤ ድንጋዩ አልደረሰም። ቡችላው ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። ቢቸግራቸው ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ።

«አንተ ወስላታ! ጎጆህን ዛሬውኑ ታፈርሳለህ! እስቲ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናገር፤ ይህ ውሻ ለምንድን ነው የማይመለሰው?»

ቢያድግልኝ እጅ ነሥቶ ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ በሁዳዴ ክርስቲያን ነህ ብለው አስጾሙት፤ በፋሲካ ደግሞ ክርስቲያን አይደለህም ብለው አጥንት ከለከሉት። እሱስ ውሻ ነው ይባል፤ እኔ የተጠመቅሁት እንኳ በእርስዎ ግቢ እስከ ዛሬ አልፈሰክሁም። መዋኘት ብችል ኖሮ እኔም አልመለስም ነበር!»

አስተርጓሚው ሲነግረው ፈረንጁ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ባላምባራስ የሚገቡበት ጠፋቸውና በጉን አሳረዱ፤ ስለ ጎጆው መፍረስም ዳግመኛ አላነሡም። ቡችላውን ለአጥንቱ ቢጠሩት ግን ጠግቦ ተኝቶ ነበርና አልመጣም።