ዝም በል የተባለው ገደል

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ገደል ለጠራው ሁሉ አቤት ይል በነበረበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ አንዲት ጃርት ከልጆቿ ጋር በገደል ግርጌ ትኖር ነበር። ገደሉ የነገሩትን ተቀብሎ ለሸለቆው ሁሉ ያሰማል። እንስሳቱ ወሬያቸውንም አቤቱታቸውንም የሚያደርሱት በእሱ ነበር።

አንድ ቀን «ምንጩን የመረዙት ጃርቶች ናቸው፤ ጃርት የተባለ ይጥፋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ገደሉም ደገመው፣ ደጋገመው። ሲመሽ ከርከሮዎች መጥተው የጃርቷን ጉድጓድ ናዱባት። የመጀመሪያ ልጇ ከአፈር ሥር ቀረ።

ጃርቷ እያለቀሰች አንበሳ ዘንድ ሄደች። አንበሳም እንስሳቱን መስክ ላይ ሰብስቦ አውጫጭኝ ጠራ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ከመስኩ እንዳይወጣ አዘዘ።

ከርከሮ ተጠየቀ። «ከዝንጀሮ ሰማሁ» አለ።

ዝንጀሮ ተጠየቀ። «ከገደሉ ሰማሁ» አለ።

ገደሉ ተጠየቀ። «እኔ የሰጡኝን ነው የምመልሰው። ቁራ ነው የነገረኝ» አለ።

ቁራም የሞተ አይጥ ምንጩ ውስጥ የጣለው ራሱ መሆኑን አመነና ተባረረ።

«ገደሉንም ዝም አሰኝልኝ» አለችው ጃርቷ። ሐዘን ላይ ናት፤ ማን ይፈርድባታል?

አንበሳ ደስ አለው። በእሱ ላይ የሚሰማው አቤቱታ ከሰለቸው ቆይቷል። «ከዛሬ ጀምሮ ገደሉ ሥር አፉን የከፈተ ይሰደዳል» ብሎ ደነገገ።

በጋ ገባ፣ ሣሩ ደረቀ፣ እሳት ተነሣ። ቆቅ ገደሉ ሥር ካለው ጉብታ ላይ አየችው። አፏን ከፈተች፤ ሕጉን አስታውሳ ዘጋችው። ደግማ ከፈተች፤ ዘጋችው። በሦስተኛው ግን «እሳት! ጃርት፣ ልጆችሽን አውጪ!» ብላ ጮኸች። ገደሉም አስተጋባላት። ጃርቷ ልጆቿን ይዛ ለጥቂት አመለጠች።

በማግስቱ ቆቅ ለፍርድ ቀረበች። «ሕጉን ጥሳለች፤ ትሰደድ» አለ አንበሳ።

ጃርቷ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ሕጉን የለመንኩህ እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። አንዱን ልጄን ያስገደለው ‹ይጥፋ› ያለው ቃል ነው። የቀሩትን ያተረፈልኝ ‹አውጪ› ያለው ቃል ነው። ለሁለቱ እንዴት አንድ ቅጣት ይሆናል? ይጥፋ ያለው ይጠየቅ፤ ሌላው ይናገር።»

«መልካም። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ እለያለሁ» አለ አንበሳ።

የጃርቷ እሾህ ቆመ። «አንተማ አይሆንም ጌታዬ። የሚነቅፍህን ሁሉ ‹ይጥፋ አለኝ› ትላለህ። እዚሁ፣ በሁላችንም ፊት ይዳኝ።»

ከርከሮ አንገቱን ደፍቶ «እውነቷን ነው» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አንበሳም ሳይወድ እሺ አለ፤ ቆቅ ነፃ ወጣች። በዚያው ዕለት ዝንጀሮ ገደሉ ሥር ቆሞ «አንበሳ አርጅቷል፤ ፍርዱም ዘገየ» ብሎ ተናገረ። ገደሉም ደገመው፣ ደጋገመው። አንበሳ ጥርሱን ነክሶ ቻለው።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ። እናንተ ግን ይህን ያዙልኝ፦ ቃል ሲያስገድል ይዳኝ፤ ንጉሥን ስላስቆጣ ብቻ ግን አይታሰር።