ተሸኝታ የመጣችው አህያ

አንድ ጊዜ ቡሊት የምትባል አህያ አንድ ትልቅ ተራራ በአንድ ቀን ልትሻገር ከቆላ ተነሳች። ከተራራው ማዶ ያለችው ልጇ ውርንጭላ ወልዳ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በአህዮች ወግ አያት በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሳ ለሕፃኑ ጨው ታልስና ስም ታወጣለታለች። አያት ከዘገየች ግን ሕፃኑ ስም ሳይኖረው ይቀራል፤ ዕድሜ ልኩን «ሂድ!» ሲባል ይኖራል። ቡሊት ይህን በራሷ ታውቀዋለች። አያቷ ስለዘገየችባት እስከ ዛሬ የምትጠራው በጠጉሯ ቡላ ቀለም ነው። «የልጄ ልጅ እንደኔ አይሆንም» ብላ ሁለት አቁማዳ ጨው በጀርባዋ ይዛ ገና ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ተያያዘችው።

ረፋድ ላይ ገደሉ አፋፍ ደረሰች። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ይበላሉ። ከመካከላቸው አባ ጎፈር የሚባሉት ሽማግሌ ተነስተው ወደ እሷ መጡ። ቡሊት ቶሎ ብላ ቆመችና ጀርባዋን አስተካከለች። ምን ታድርግ፣ ወደ እሷ የቀረበ ሁሉ ጭነት ይዞ ነበር የሚመጣው።

«ምን ሊጭኑብኝ ነው?» አለች።

አባ ጎፈር በሳቅ ፈረሱ። «ኧረ የምን መጫን! እዚህ ደጋ ላይ እንግዳ ይሸኛል እንጂ አይጫንም። ከየት ወዴት ነው፣ እህቴ?»

ነገረቻቸው። ለምለም ሣር ነጭተው አቀረቡላት፤ ጠግባ ስትጨርስም ከጎኗ ሆነው መንገድ ጀመሩ። ቡሊት ግራ ገባት። ሌላ የሚሸኙ መስሏት ሁለት ጊዜ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ማንም አልነበረም። የሚሸኙት እሷን ነው!

የጭላዳዎቹ አገር የሚያበቃው ከአንዲት ምንጭ ዘንድ ነው። አባ ጎፈር እዚያ ሲደርሱ ፍልፈል ስትጠብቅ የነበረችውን እመት ቀበሮን ጠሩ።

«የእኔ እንግዳ ነበረች፤ ከእንግዲህ ያንቺ ናት። አደራ!»

«በሰማይም በምድርም!» አለች ቀበሮ። ቀበሮ ተንኮለኛ መሆኗን አገር ያውቀዋል። ተንኮሏን ግን እንግዳ ላይ አውላው አታውቅም።

ሁለቱ ጥቂት እንደተጓዙ ጉም ወረደና ተራራውን አጨለመው። ወዲያው ከዋሻው አያ ጅቦ ብቅ አለ።

«እንደምን አመሻችሁ!» አለ። ገና እኩለ ቀን ነበር። ሞኙ ጉሙን አይቶ የመሸ መስሎት ነው የወጣው። ቡሊትን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። «ይህቺ እንግዳ ናት? እንግዲያው እስከ ጫፉ ድረስ እኔ ልሸኛት!»

ቡሊት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ጭነቱን ይዛ ብትሮጥ የትም አትደርስም። «ጨው ሳታልስ ሞተች ሊሉኝ ነው» አለች በሆዷ።

ቀበሮ ግን ፈገግ አለች። «ደስ ይለናል፣ አያ ጅቦ። ወጉን ታውቃለህ መቼም፤ ሸኚ የእንግዳውን ጭነት ይሸከማል።»

«ይህን ሁሉ?»

ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። በእርግጥ በሹክሹክታ ነው የተናገረችው፤ የቡሊት ጆሮ ግን ምን ያመልጠዋል! «አንተ ደግሞ! ጭነት የተሸከመ ሥጋ እኮ ይጠጥራል። ጀርባዋን እስከ ጫፉ ካሳረፍክላት እንደ ጭቅና ነው የሚለሰልስልህ። አቁማዳውም ቁርበት ነው፤ ምርቃት ይሁንህ።»

አያ ጅቦ ሌላ ቃል አልጠበቀም። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠ።

ዳገቱ አፍንጫ የሚነካ ነበር። የጅብ ወገብ ደግሞ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ነውና አቁማዳው በየእርምጃው ይንሸራተትበታል። ቁርበቱ ይሸተዋል፤ ዞሮ ሊቀምሰው ሲል አንገቱ አይደርስም። እያለከለከ «ገና ነው?» ይላል። «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ትላለች ቀበሮ።

ቡሊት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ጀርባዋን ተራራ ወጣች። በመጀመሪያ ፈራች፤ ቀጥሎ ነፋሱ ጠጉሯን ሲያርገበግበው ደስ አላት። ጫፉ አጠገብ ስትደርስ ግን ኮራች። አንገቷን ቀና፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ሄደች።

ጫፉ ላይ ጉሙ ተገፈፈ፤ ፀሐይ ቦግ አለች። አያ ጅቦ ከነጭነቱ ተዘረረ።

«ቆይ… ትንሽ ልረፍና… እበላሻለሁ» አለ እያቃሰተ። ሊነሳ ሲሞክር አራቱም እግሮቹ አንድ ላይ ከዱት።

ቡሊት ከፊቱ ቆመች። እንደ ወጉ ተሸኚ ነው ሸኚውን የሚመልሰው። «በቃህ፣ ከዚህ ተመለስ። እግዜር ይስጥልኝ። ይህቺን ጭነት እኮ እኔ በየገበያው ቀን ቁርሴን ሳልበላ ነው የማደርሳት!»

ከማዶ ያለው ገደል የዋልያ አገር ነው። ዋልያው ብቅ ሲል ቀበሮ «የእኔ እንግዳ ነበረች፤ ከእንግዲህ ያንተ ናት። አደራ!» አለችው። እሱም አቁማዳዎቹን በረጃጅም ቀንዶቹ አንስቶ የቡሊት ጀርባ ላይ አስተካከለላት። ልሸከምልሽ ቢላት እንቢ አለች። ለልጅ ልጇ የሚሆነውን ጨው በራሷ ጀርባ ልታስገባ ፈለገች። እግር የሚያስተውን ገደል ፊት ፊት እየመራ አወረዳት፤ መንደሩ ሲታያቸው ተሰነባበቱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስንዝር ሲቀራት ቡሊት ከልጇ ደጅ ደረሰች። የመንደሩ አህዮች ተሰብስበው ነበር። አንዱ ሽማግሌ አህያ አቧራ የለበሰ እግሯን አየና «ያን ሁሉ ተራራ ማን ነድቶሽ መጣሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ማንም አልነዳኝም» አለች ቡሊት፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ተሸኝቼ ነው የመጣሁት!»

ከአህዮቹ መካከል ተሸኝቶ የሚያውቅ አልነበረም። ሽማግሌው ዓይኑ እንባ አቀረረና መንገድ ለቀቀላት።

ቡሊት ለውርንጭላው ጨው አላሰችው። «ስምህ ወገኔ ይሁን» አለችው። «እዚህ ያደረሱኝ ትናንት የማላውቃቸው ወገኖቼ ናቸው።»

ወገኔም አደገ። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ከጎኑ ሆኖ እስከ መስኩ ዳር ይሄዳል፤ እዚያም ቆሞ መንገደኛው ከዓይኑ እስኪሰወር ያየዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ የማናውቀውን መንገደኛ ጥቂት መንገድ መሸኘት ለእኛ የአንድ ማለዳ ድካም ቢሆንም ለእሱ ግን ዕድሜ ልኩን ቀና ብሎ የሚሄድበት ክብር መሆኑን ነው።